ዘጠነኛው ሬዲዮ

አባቴ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመት ቢሆነውም ቤታችን እስካሁን የሚተዳደረው በእሱ ሥርዓት ነው፤ ማንም ሶኬት ሳይነቅል ከቤት አይወጣም። ቴሌቪዥኑ፣ ካውያው፣ የስልኩ ቻርጀር፣ ሁሉም ይነቀላል። እናቴ «አንድ ቀን እኔንም ትነቅለኛለህ» እያለች ትስቅበታለች። እኔ ግን አልስቅም፤ እጄ ለምዶታል።

የምሠራው የመገናኛ ሬዲዮ በሚጠገንበት ወርክሾፕ ነው። ፊት ለፊት ደንበኛ የምንቀበልበት ባንኮኒ አለ፤ ጓዳው ውስጥ ደግሞ የእኔና የጋሽ ልክ ጠረጴዛ። ጋሽ ልክ ስማቸው አይደለም። አንድ ሬዲዮ ከእጃቸው በወጣ ቁጥር «ልክ ነው?» ብለው ራሳቸውን ስለሚጠይቁ የወጣላቸው ነው።

ሬዲዮዎች እንዲግባቡ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ መቆም አለባቸው። እያደር ግን ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ። የእኛ ሥራ ወደ ቦታቸው መመለስ ነው። የምንመልሳቸውም መደርደሪያው ላይ ካለች አንዲት ግራጫ ሳጥን ጋር እያስተያየን ነው። ውስጧ በራሷ ምድጃ የምትሞቅ ክሪስታል አለች፤ ሙቀቷ ካልተለወጠ ንዝረቷም አይለወጥም። «እናት ሰዓት» እንላታለን። አሮጊት ስለሆነች አንዴ ከቀዘቀዘች ወደ ልኳ የምትመለሰው ሙሉ ቀን ቆይታ ነው። ስለዚህ አትጠፋም። ይህን ጋሽ ልክ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ነግረውኛል።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግድግዳው ቀለም ተቀባ። ለቀለሙ ሲባል የእናት ሰዓት ገመድ ከመበየጃዬ ጋር አንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ተሰካ። ዓርብ ማታ ስወጣ እጄ የለመደውን አደረገ፤ ማከፋፈያውን ነቀልኩት። ሰኞ ጠዋት መልሼ ሰካሁት። ሳጥኗ ትዝም አላለችኝ።

ጋሽ ልክ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው ብቻዬን ነበርኩ። ደንበኛችን ከሆነው ሆስፒታል የመጡትን ስምንት የአምቡላንስ ሬዲዮዎች አንድ በአንድ አስተካከልኩ። አራት ሰዓት ላይ የአምቡላንሱ ሾፌር መጣ።

«ዝምታ! ዛሬስ ደህና አደርክ ትይኝ ይሆን?» ብዙ ስለማላወራ እሱ ያወጣልኝ ስም ነው።

«ደህና አደርክ።»

«ሰማችሁ? ተናገረች!» አለ ለባዶው ክፍል።

ለሙከራ አንዱን ሬዲዮ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። «አንድ፣ ሁለት። ዝምታ፣ ትሰሚኛለሽ?» እኔ በሌላው «አዎ» ብቻ አልኩ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «ጆሮዬ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ነው እኮ የምታወሪው! ከሰዓት ከከተማ ውጭ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘናቸው እንወጣለን። እዚያ ከኮረብታው ጀርባ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ያለ እነዚህ ጉዳችን ነው።» ስምንቱን በካርቶን ይዞ ሄደ።

በወርክሾፑ ልማድ ሥራ ሲያልቅ ዘጠነኛው ይለካል። ዘጠነኛው የቤቱ ሬዲዮ ነው። ጀርባው ላይ በጋሽ ልክ እጅ «አይነካም» የሚል ፕላስተር ተለጥፏል። ለካሁት። ከልኩ ዘጠኝ መቶ ሄርዝ ስቷል፤ ለሬዲዮ ብዙ ነው።

ስምንቱ አንድ ነገር ይላሉ፣ አንዱ ሌላ። አሮጌ ነው፣ ተንሸራትቷል ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ልክ ሳይመጡ ባስተካክለው ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ክዳኑን ፈታሁ፣ ካቻቢቴውን አነሳሁ፤ ጎንበስ ስል ግራ እጄን እናት ሰዓት ላይ አሳረፍኩ።

ሁልጊዜ እንደተኛች ድመት ትሞቅ ነበር። አሁን ለብ ብላለች።

ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። ዓይኔ ገመዱን ተከትሎ ወረደ፤ ማከፋፈያው ላይ ደረሰ።

ስምንቱ እርስ በርስ ተስማምተዋል፤ የተስማሙት ግን እኔ ባሳሳትኳቸው ልክ ነው። ድምፃቸውን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው የሆስፒታሉ አንቴና ደግሞ በራሱ ልክ ቆሟል። ከተማ ውስጥ ምልክቱ ብርቱ ስለሆነ ስህተቱ አይታወቅም። ሲርቁ ድምፁ ይሰባበራል። ከኮረብታው ጀርባ ጭራሽ ይጠፋል።

ስልክ መደወል አልወድም። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ደወልኩ።

«ዝምታ! ስልክም ትደውያለሽ ለካ?»

«ሬዲዮዎቹ ላይ… አንድ ትንሽ ማስተካከያ ቀርቶ ነበር።»

«ምን ማስተካከያ? ይሄ ጥርት ያለ ድምፅ ምን ጎድሎት? ሐሙስ ስንመለስ እናመጣልሻለን።»

«ሐሙስ አይሆንም።»

«ምነው?»

ወረቀቱ ላይ ከዚህ በኋላ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

«አበላሽቻቸዋለሁ» አልኩ። «እኔ ነኝ። ከኮረብታው ጀርባ ማንም አይሰማችሁም።»

ሳቁ ቆመ።

«ስምንቱንም?»

«ስምንቱንም።»

የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ተሰማኝ። «እሺ እህቴ» አለ። «አዙሬያለሁ።»

ጋሽ ልክ ከሰዓት በኋላ መጡ። ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተደርጎላቸው ስለነበር እየዳበሱ ነው የገቡት። ነገርኳቸው። መዳፋቸውን እናት ሰዓት ላይ አሳረፉና ቆዩ።

«ዘጠነኛውንስ ነካሽው?»

«ክዳኑን ከፍቻለሁ። አልነካሁትም።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እሱን ነክተሽው ቢሆን ዛሬ ተጣልተን ነበር፤ እናት ሰዓት ስትስት የሚመሰክርባት እሱ ብቻ ነው። በይ መዝገቡን አምጪ፤ እኔ ዛሬ አላይም።»

መዝገቡን የወርክሾፑ ባለቤት በየወሩ መጨረሻ ያነበዋል። የእኔ መቆየትና መሄድም የሚወሰነው እሱ ተነብቦ ነው። ብዕር አነሳሁ።

«እናት ሰዓት ተነቅላ ነበር በይ።»

ጻፍኩ።

«ማን እንደነቀላት ጻፊ።»

ስሜን ጻፍኩ።

«ማን እንደደረሰበትም ጻፊ።»

ብዕሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? እዚህ ቤት ሌላ ሰው አለ?»

ስሜን ደግሜ ጻፍኩት።

በማግስቱ ከሰዓት እናት ሰዓት ሞቃለች። መጀመሪያ ዘጠነኛውን ለካሁ፤ አንድም ሳይዛነፍ ቦታው ላይ ነበር። ከዚያ ስምንቱን እንደገና ሠራኋቸው። ሾፌሩ ሲወስዳቸው አልቀለደም፤ «አሁንስ?» ብቻ አለ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የቤቱ ሬዲዮ ጮኸ።

«ወርክሾፕ፣ ወርክሾፕ። ከኮረብታው ጀርባ ደርሰናል። ዝምታ፣ አለሽ?»

ጋሽ ልክ ከወንበራቸው አልተነሱም። ማይኩን በሁለት ጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ተጫንኩት። «አለሁ። ጥርት ብለህ ትሰማለህ።»

«ሁለት ዓረፍተ ነገር! ዛሬ መዝገብ ላይ ይግባ!»

በሳምንቱ የቋሚነት ደብዳቤዬን ይዤ ቤት ስገባ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ደብዳቤውን እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበው። አጥፎ መለሰልኝና እንደ ወትሮው ጠየቀኝ።

«ሁሉንም ነቅለሽ ነው የወጣሽው?»

«አንዱን ትቼዋለሁ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

አባቴ አሰበ። «ምን ያህል ይበላል?»

«እንደ አንዲት ትንሽ አምፖል።»

ግቢውን እያየ በልቡ አሰላ፤ ስንት ዋት፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ወር።

«ይሁን እንግዲህ» አለ በመጨረሻ።