ሦስት ጣት ስፖንጅ

…ለስላሳው አይደለም እንግዲህ የሚሻለው፣ ይሄን ማን ያምናል፣ የሞተር ኮርቻ ሰሪው ግን ስፖንጁን በአውራ ጣቱ ተጭኖ እያሳየኝ ነው፣ አየሽ እህቴ፣ ይሄ ሲነኩት ደስ ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥሽበት ግን ይሰምጥና አጥንትሽ ከሥር ካለው ፕላስቲክ ጋር ይገናኛል፣ ለሩቅ መንገድ ጠንከር ያለውን ነው የምመክርሽ፣ እኔም በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣ ጠንከር ያለው ጣቴን ይመልሰዋል፣ ለስላሳው ይውጠዋል። ባሌ ለስላሳ ሰው ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል፣ እንደ ካፒቴን ያለ ባል ከየት ይገኛል፣ ካፒቴን ያሉት የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሞተር ላይ ስላልወረደ፣ አሁን በሩ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሞተ ቀኝ እጁን በግራው አቅፎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ኮርቻዎች ያያል፣ ከአፉ ጥግ ምራቅ ይወርዳል፣ መሀረቡ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ቆይ፣ ትንሽ ይውረድ።

ጄል ያለበት አለ፣ ሲያዩት ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ካቆምሽው ግን ቂጥ ይጠብሳል፣ ይቅርታ እህቴ፣ ይላል ኮርቻ ሰሪው፣ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል፣ ቂጥ የሌለው ሰው አለ እንዴ፣ ደግሞ አየር የሚነፋ አለ፣ ስትታጠፊ አብሮ ይዋልላል፣ እሱ ይቅርብኝ፣ የመጨረሻው የድሮውን ገልጦ እንደ ሰውነቴ አድርጎ መቅረጽ ነው። ይሄኛው። አራት ወር ሆነኝ የባሌን ሥራ ከያዝኩ፣ ከጥርስ ላብራቶሪው የተሠራውን ጥርስ በየከተማው ላሉ ክሊኒኮች አደርሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጥርስ ተሸክሜ የራሴን ነክሼ እነዳለሁ፣ ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ እሱን ከኋላ ጭኜ ሁለት ሰዓት ወደ ፊዚዮቴራፒው፣ ሁለት ሰዓት ወደ ቤት፣ የአውቶቡሱ ደረጃ ለሱ ከፍ ይላል፣ ሞተሩ ይሻላል። የፊቱ መቀመጫ የሱን ቅርጽ ይዞ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፣ እኔ ቀጭን ነኝ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እየተንሸራተትኩ የቤንዚን ታንከሩ ላይ እወጣለሁ።

ስንት ኪሎ ናት ካፒቴን? ኮርቻ ሰሪው የሚጠይቀው እሱን ነው፣ እኔ እዚሁ ፊቱ ቆሜ፣ እሱም የተጣመመ አፉን እያላወሰ ሃ… ሃምሳ ይላል፣ ሃምሳ ስምንት ነኝ፣ ሃምሳ የነበርኩት ስታገባኝ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አይተኸኝም ማለት ነው።  ሃምሳ ስምንት፣ እላለሁ ለኮርቻ ሰሪው፣ እሱም በእርሳስ ጣውላው ላይ ይጽፋል፣ ፒንሳውን አንስቶ የኮርቻውን ቆዳ የያዙትን ሚስማሮች አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ቆዳው እንደ ቁስል ቅርፊት ተላቅቆ ይነሳል፣ የላብና የአቧራ ሽታ፣ የስንት ዓመት መንገድ፣ ከሥሩ ግራጫ ስፖንጅ። የፊቱ ወፍራም፣ የኋላው እንደ ጣውላ የሳሳ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ የማስቲሽ መስመር አለ፣ ከመስመሩ በላይ ሌላ ስፖንጅ ተደርቧል።

ምንድን ነው ይሄ?

ይሄማ የራሴ እጅ ነው፣ ይላል፣ ኩራቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው መሰለኝ፣ ካፒቴን መጥቶ ወገቤን ጨረሰኝ አለኝ፣ በጊዜው ደህና ስፖንጅ ጠፍቶ ነበር፣ ከኋላው ሦስት ጣት ያህል ላጥኩና ለፊቱ ደረብኩለት፣ ከላይ ሲለብስ ማንም አያውቅበትም፣ አይደል ካፒቴን?

የተላጠው የማን ነው?

የኋላው ነዋ። የሚቀመጥበት… ያንቺ ነው እንግዲህ፣ ይላል፣ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ፒንሳው እጁ ላይ ይቆማል።

የኔ። የኔ ስፖንጅ። በየሳምንቱ እሑድ እናቱ ዘንድ የምሄድበት፣ ሁለት ሰዓት፣ እናቱን ላጥባት፣ እናቱን ላገላብጣት፣ አንሶላዋን ልቀይር፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ መመለሻ፣ ከሞተሩ ስወርድ አጥሩን ይዤ ነበር ቀጥ የምለው፣ ራጅ ተነሣሁ፣ ዲስክ ነው አሉኝ፣ ኩላሊት ነው አሉኝ፣ አንዷ ሐኪም ደግሞ ሐሳብ ታበዢያለሽ አለችኝ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እያዳመጠ፣ አጥንትሽ እኮ የእናትሽ ነው፣ የናንተ ቤተሰብ ወገብ ደካማ ነው ይለኝ ነበር፣ አምኜ ለእህቴ ነግሬያታለሁ፣ ተጠንቀቂ ወገባችን ደካማ ነው ብዬ፣ እህቴ እስከ ዛሬ ባልዲ አታነሣም። ማታ ማታ ቅባት ይቀባኝ ነበር። በእጁ። ቀስ ብሎ፣ ሥሩን እየተከተለ፣ እዚህ ነው? እዚህ ጋ ነው የኔ እናት? እኔ ትራሱ ውስጥ አልቅሼ ምን ዓይነት ሰው ሰጠኝ እል ነበር። እጁ ያውቅ ነበር፣ የትኛው አጥንት እንደሚታመም እጁ ያውቅ ነበር፣ በዚያው እጁ ነው ኮርቻውን ነቅሎ እዚህ ያመጣው።

ደግሞ ይሄ አራት ወር። ከፊት ከተቀመጥኩ ወዲህ ወገቤ ድምፁን አጥፍቷል፣ ለጎረቤቶቼ እግዜር አየኝ ብያለሁ፣ ባሌን ቢነሣኝ ጤናዬን መለሰልኝ ብያለሁ፣ እነሱም አሜን አሜን አሉ፣ ለካ የገዛ ስፖንጄ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የዳንኩት! ሳቄ መጣ። ሳቅኩ። ኮርቻ ሰሪው አብሮኝ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ፊቴን አየና ተወው።

ሄጄ ባሌ ፊት ቁጢጥ አልኩ፣ መሀረቡን አውጥቼ አፉን ጠረግኩለት፣ ሰው ስላለ፣ ከዚያ በጆሮው ታውቅ ነበር? አልኩት፣ ወገቤን ስትቀባኝ ይሄን ታስታውስ ነበር ወይስ ረስተኸው ነበር? ንገረኝ ብቻ፣ ረስቼው ነው በል። የቱ ይሻለኛል እኔስ፣ ቢያውቅ ጨካኝ ነው፣ ከጨካኝ ጋር ነው የኖርኩት፣ ቢረሳው ግን፣ ሦስት ጣት ከሥሬ ቆርጦ ወስዶ ወደ ቤት እስኪደርስ ረስቶት ከሆነ፣ ያኔ እኔ ምንም ነኝ፣ የሚረሳ ዕቃ ነኝ። እንግዲያው ቢያውቅ ይሻላል። አውቄ ነው በለኝ። አፉን ያላውሳል፣ ወ… ወ… ይላል፣ ከዚያ እንባው ዱብ ዱብ ይላል፣ አንጀቴን ሊበላኝ ነው፣ አያገኘውም፣ ሐኪሙ ነግሮናል፣ ከእንግዲህ በትንሹም በትልቁም ያለቅሳል፣ በሽታው ነው እንጂ አዝኖ አይደለም፣ አትደናገጡ ብሎናል፣ ባለፈው ሳምንት የሳሙና ማስታወቂያ አይቶ ተንሰቅስቋል። ስለዚህ ይሄ እንባ የኔ ይሁን የሳሙናው በምን አውቃለሁ፣ አንድ ይቅርታ ነበር የቀረው፣ እሱንም ጭንቅላቱ ውስጥ የፈነዳው ደም ስር ይዞብኝ ሄደ።

እና እንዴት ላድርገው እህቴ? ይላል ኮርቻ ሰሪው፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ አሁን ስፖንጅ ሞልቷል፣ የኋላውንም በአዲስ ልሙላው፣ ለታማሚ የሚሆን ደህና አለኝ፣ ይኸው ንኪው። ነካሁት። ጥሩ ነው፣ ጣቴን መለሰው። ሁለት ሰዓት የሚያስቀምጥ ነው። ባሌ ከወንበሩ ሆኖ ስፖንጁን ያያል፣ ዓይኑ ከኔ እጅ ላይ አይነሣም፣ የቀረው ሥጋ ትንሽ ነው፣ ባጠብኩት ቁጥር የመቀመጫ አጥንቱን በእጄ አገኘዋለሁ።

የፊቱን በአዲስ ሥራልኝ፣ አልኩ፣ በኔ ልክ። የኋላው እንዳለ ይቆይ።

እንዳለ?

አይ ቆይ፣ ከሱም አንድ ጣት ላጥ።

እህቴ፣ ይላል፣ አንድ ጣት ከተላጠ እኮ ፕላስቲክ ነው፣ የታመመ ሰው ነው፣ አጥንቱ…

ያኔ እንደዚህ ብለኸው ነበር? ለሱ? ሚስትህ ምን ላይ ልትቀመጥ ነው ብለኸዋል?

 ኮርቻ ሰሪውንም እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀውም ነበር፣ ሁሉም ለስላሳ ሰው ነው፣ ሚስማሩን ከጣቱ ወደ ጣቱ እያዘዋወረ ካፒቴንን ያየዋል፣ ካፒቴን ያለቅሳል፣ ከዚያ ቢላዋውን አነሣና መላጥ ጀመረ፣ ስፖንጅ ሲቆረጥ ድምፅ የለውም፣ እንዲህ ቀላል ነው ለካ። ቆሜ እስከ መጨረሻው አየሁ።

ሲያልቅ ቆዳው እኩል ሆኖ ለበሰ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያየው፣ ባሌን ብብቱ ሥር ገብቼ አነሣሁት፣ ወደ ፊቱ ነው የሄደው፣ የለመደበት፣ ከኋላ፣ አልኩት፣ እግሩን አዙሬ አስቀመጥኩት፣ ሰፊውን ቀበቶ በሱና በኔ ወገብ ዙሪያ አጠበቅኩ፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ እንዳይወድቅብኝ፣ ደህና እጁ ጎኔን ያዘ፣ ሙቅ ነው፣ አዲሱ ስፖንጅ ከሥሬ አይሰምጥም፣ አይገፋም፣ ልክ ነው፣ ልክ የኔ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ ለኮርቻ ሰሪው፣ እሱ ጎንበስ ብሎ የተላጠውን ስፖንጅ ይለቅማል።

ወደ ቤት የሚወስደው አስፋልት አለቀ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ስንገባ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ቃል አይደለም፣ ውሻ ጅራቱን ሲረግጡት የሚያወጣው ዓይነት፣ ጎኔን የያዘው እጁ ጨመደደኝ፣ ፊቱ አንገቴ ሥር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ምራቅ ይሁን እንባ አላየሁም። አንጀቴ ራሰ። ተመስገን፣ ራሰ፣ እስቲ ቆይ፣ አሁን ደግሞ እንደገና ደረቀ፣ ለምንድን ነው የሚደርቀው፣ ቀጣዩ ከድልድዩ ማዶ ነው፣ በግራ በኩል፣ ጥልቅ ነው፣ ከዚያ ሁለት ትናንሾች፣ ከዚያ የተሰነጠቀው፣ ዘጠኝ ዓመት ከኋላ ተቀምጬ አንድ በአንድ በአከርካሪዬ ስለቆጠርኳቸው ዓይኔን ጨፍኜ አገኛቸዋለሁ፣ በቀኝ በኩል ማለፊያ አለ፣ አውቃለሁ፣ ሰፊ ነው፣ መሪውን ወደ ግራ አዞራለሁ።