የካርቦን ብናኝ

«አንድ ቃል ከደገሙኝ ልጄን ታቅፌ እናቴ ቤት እሄዳለሁ!» አለች ሙሽሪት።

ቁርስ ላይ ነበሩ። ሁሉም ማኘክ አቆመ።

ሙሽሪት ይሏታል እንጂ ከተዳረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ወልዳም እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ማሙሽ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ያለቅሳል። የረሃብ ቢሆን ጡት ነው፣ የእንቅልፍ ቢሆን እሹሩሩ ነው፤ ይሄኛው ለቅሶ ግን ሌላ ነው። እየተንፈራገጠ፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ እየፈተገ ነው የሚያለቅሰው። አንገቱና ሆዱ ላይ ቀይ ሽፍታ ከወጣበት ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ክሊኒክ ቅባት ሰጥተውታል፤ ትንሽ ሻል ይለውና ልብስ ሲቀየርለት መልሶ ይብስበታል። ነርሷ ታዲያ «ሳሙና ቀይራችኋል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እሷ ጠይቃ ወደ ሥራዋ ሄደች፣ ቤቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም የለውም።

«ኧረ እኔ ምን አልኩ?» አለች አማቷ እማዬ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። «ያ ሽቶ ሽቶ የሚለው ሳሙናሽ ነው አልኩ። ውሸት ነው? እኔም እኮ ወልጃለሁ! እነዚህን ሁለት ዝሆኖች በደረቅ ሳሙና አጥቤ ነው ያሳደግኩት፤ አንዱም አላከከውም። አሁን ግን እኔን ራሱ አንገቴን ይበላኛል!»

«ሳሙናውን ካቆምኩ እኮ ቆየሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው የምትበይው ነገር ነው። በወተትሽ አልፎ ነው።»

ከሁለቱ ዝሆኖች አንዷ፣ ቤት ውስጥ ሬዲዮ የሚሏት ትንሿ ልጅ፣ ሳቋን ዋጠችው። ትምህርት ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው፤ እስከዚያ ሥራዋ ማውራት ነው። እማዬ «አንቺን ዝም የሚያሰኝ ባትሪ ማለቅ ብቻ ነው» ትላታለች። ወሬዋን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ የምትሰማት በዓለም ላይ አንዲት ሰው ብትኖር ሙሽሪት ናት። ሙሽሪት ከሄደች ደግሞ ያ ቤት ምን ይሆናል?

ሌላኛው ዝሆን ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ የማሙሽ አባት ነው። ሬዲዮ አየችው፤ አሁን አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። ጋሼ ሻዩን ጨልጦ ተነሳ። ትናንት ታጥቦ የደረቀውን ቱታውን ከወንበር ላይ አንስቶ «ሥራ አለብኝ» አለና ወጣ። ይኸው ነው! ሚስትህ በአደባባይ ስትብጠለጠል «ሥራ አለብኝ»!

እውነቱን ለመናገር ሥራ አለበት። ከቤታቸው ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያስገባ ጋራዥ ተከራይቷል። መኪና ማሳመር ነው ሥራው። ሰሞኑን የያዘው ደግሞ መሬት ላይ ተኝታ የምትሄድ የምትመስል የውድድር መኪና ናት። ባለቤቱ ዝናብም ቢሆን፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም፤ ስለዚህ ባለመነጽሩ ይሉታል። የመኪናዋ ፕላስቲክ ሁሉ ወጥቶ በካርቦን ፋይበር እንዲተካ ፈልጓል፦ የስፖኪዮው ሽፋን፣ ከፊት ባምፐሩ ሥር እንደ ከንፈር የሚወጣው፣ በጎኗ የሚሄደው፣ ከኋላ ደግሞ ክንፉ፣ ስፖይለሩ ማለት ነው። ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ከውጭ ሲመጣ እማዬ ጎንበስ ብላ አየችውና «ካርቦን ማለት ከሰል አይደል? ከሰል መኪና ላይ ሊለጥፍ ነው ሰውዬው?» ብላ ሰፈሩን አሳቀች።

ቀርበው ሲያዩት ግን ያምራል። ጥቁር ክር በጥቁር ክር ላይ እንደ ሽሩባ ተጎንጉኗል፣ ከላዩ እንደ መስታወት የሚያበራ ቫርኒሽ አለው። ችግሩ አንዱም ልክ አልመጣም። የጎኑ በጣት ይረዝማል፣ ስፖይለሩ አንድ ጥጉ ተነስቶ ይቀራል። ስለዚህ ጋሼ ሦስት ሳምንት ሙሉ በግራይንደር ሲቆርጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ነው የከረመው።

«ነይ ያዥልኝ» ብሎ ላከባት ከቁርስ በኋላ። ሬዲዮ ወረደች።

«እጅጌ ያለው ነገር ልበሺ።»

«ይሞቃል።»

«ልበሺ ብዬሻለሁ።»

«ያዥልኝ አልክ፣ ያዝኩልህ። ስለ ልብሴ ምን አገባህ?»

የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ወረወረላት፣ እሱም አደረገና ግራይንደሩን አስነሳ። ጥቁር ብናኝ እንደ ጭስ ቦነነ። ክንዷ ላይ፣ አንገቷ ላይ፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ሳይቀር አረፈባት። ጋሼማ ቱታው ከጥቁርነት አልፎ ያብረቀርቅ ጀመር።

ባለመነጽሩ ከች አለ። «ክንፌ እንዴት አደረ?»

«ክንፍህ ደህና ነው። አንተ እንዴት አደርክ?» አለ ጋሼ።

«እኔማ ምን አድራለሁ! እሁድ ልጆቹ መኪናቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። እነሱ ፊት በፕላስቲክ ልቁም?»

ሬዲዮ መሸፈኛዋን አወረደች። «ይሄ ነገር ሲገጠም ምን ይጠቅማል ግን?»

«መኪናዋ ትቀላለች።»

«በጣም?»

«በጣም እንኳን አይደለም፤ ትንሽ።»

«ታዲያ አንተ ምሳ ብትዘል ያው አይደለም?»

ባለመነጽሩ ሆዱን ዳሰሰና ሳቀ፤ ጋሼም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ማየቷ ነው። ሰውዬው «ቅዳሜ እወስዳታለሁ» ብሎ ሄደ።

ማሳከኩ የጀመራት ያኔ ነው። መጀመሪያ ክንዷ ላይ እንደ ጉንዳን ነገር ሄደባት። አከከችው። ስታከው ደግሞ ባሰ፤ እሾህ ቆዳዋ ውስጥ እየገባ ያለ መሰላት። ወደ በሩ ብርሃን ሄዳ አየችው። ቀይ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ። ይሄን ነጠብጣብ ታውቀዋለች! ጠዋት ቅባት ስትቀባው የነበረው እኮ ነው፣ ማሙሽ ሆድ ላይ።

«ጋሼ፣ ይሄ ታጥቦ ይለቃል?»

«በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ ከእጅ ይለቃል። አትከኪው። ክሩ ሲፈጭ እንደ መርፌ ነው የሚሆነው።»

«ከልብስስ ይለቃል?»

ጋሼ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ሬዲዮ ግን እማዬ ማሽኑን ስትሞላ ታያት። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከእማዬ በስተቀር ማንም አይነካውም። የቤቱን ልብስ ሁሉ፣ ቱታውንም፣ የማሙሽን ካልሲም፣ አንድ ላይ ትጠቀጥቀዋለች፤ «ውሃ በከንቱ አይፈስም» ነው መመሪያዋ።

«ጋሼ! ከቱታህ እኮ ነው! ሳሙና አይደለም፣ ወተትም አይደለም!»

«ቀስ በይ፣ አትጩኺ።»

«አውቀህ ነበር?»

«አላወቅኩም።» መሸፈኛውን አውልቆ ፊቱን ጠረገ፤ አፍንጫው ዙሪያ ብቻ ንጹሕ ነው። «ባለፈው ሰሞን ጠርጥሬያለሁ። መጠርጠር ብቻ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? እናቴን ‹የልጅ ልጅሽን የምታቃጥይው አንቺ ነሽ› ልበላት? በዚያ ላይ ይሄን ሥራ ድሮም አትወደውም፤ አሁኑኑ ጣለው ትለኛለች። ቅዳሜ ያልቃል። ከዚያ ቱታዬን ለብቻዬ አጥባለሁ፣ ነገሩም በራሱ ይጠፋል።»

«እስከዚያ ሙሽሪት ትሰደብ?»

ጋሼ ስፖይለሩን ገልብጦ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። «እሷ ትችላለች» አለ።

ሬዲዮ ደረጃውን በሩጫ ወጣችው። በሩ ክፍት ነበር። እማዬ የሳሙናውን ዕቃ ከነክዳኑ ቆሻሻ ውስጥ ጥላዋለች፤ የተረፈ ፈሳሹ ወለሉ ላይ ይሸታል። ሙሽሪት ደግሞ መኝታ ቤት ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ያገኘችውን ትወረውርበታለች።

«ደገመችው?» አለች ሬዲዮ።

«በሳሙና አላበቃም። ‹እናትሽ ልጅ ማሳደግ አላስተማረችሽም› አሉኝ። እናቴን ምን አመጣት እዚህ?»

«አትሂጂ! ቆይ! እማዬ ነይማ፣ ነይ!» ክንዷን ዘረጋች። «እዩት። አንድ ጠዋት የጋሼን ዕቃ ይዤ ነው እንዲህ የሆንኩት። ብናኙ ነው! ቱታው ላይ አለ፣ አንቺ ደግሞ ከማሙሽ ልብስ ጋር አንድ ላይ ታጥቢዋለሽ።»

እማዬ ክንዷን አየች፤ ማሙሽን አየች። «እኔ?» አለች። «እኔ ነኝ? እኔ ልጁን...»

ወደ ማሽኑ ሄደች። እነሱም ተከተሏት። እማዬ በሩን ከፍታ ጎንበስ አለች፣ ዙሪያውን ያለውን ላስቲክ በጣቷ ገለጠችና እጥፋቱን ዳሰሰችው። ጣቷን ስታወጣው ጥቁር ነው፤ ወደ መስኮቱ ስትይዘው ደግሞ አብረቀረቀ። ሁለተኛ ዳሰሰች። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሙሽራዬ» አለች፣ ቀና ሳትል። «በእኔ ይሁንብሽ። ይቅር በይኝ።»

ሙሽሪት ዓይኗ ሞላ። ማሙሽን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችና «ይሁን፣ እማማ። ማንም አላወቀም» አለች። ወደ መኝታ ቤት ተመልሳም በነጻ እጇ ልብሶቹን ከሻንጣው ታወጣ ጀመር። አንድ ቀሚስ፣ ሌላ ቀሚስ። እዚህ ላይ ሬዲዮ ዝም ብትል ኖሮ!

ግን ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታ ደግሞ አፏን ይከፍተዋል። «አይደል? ጋሼም ጠርጥሮ ነበር እኮ! ቅዳሜ ሥራው ሲያልቅ...»

ሦስተኛው ቀሚስ ሙሽሪት እጅ ላይ ቀረ።

«ጠርጥሮ ነበር?»

«ማለት... እርግጠኛ አልነበረም።»

«መቼ?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። ሬዲዮ ልትመልሰው ብትሞክር ይባስ ጨመረችበት። «ሰሞኑን ነው። እኔ እኮ ተቆጣሁት! ‹ሙሽሪት ትሰደብ ወይ?› አልኩት።»

«እሱ ምን አለ?»

ሬዲዮ ክንዷን ማከክ ጀመረች።

«ምን አለ ብዬሻለሁ።»

«‹እሷ ትችላለች› አለ።»

ሙሽሪት አልጮኸችም። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተች፣ አሁን ግን አጣጥፋ ነው። የማሙሽን ልብስ አልነካችም። የለበሰውን አወለቀችለት፤ ገና ያልታጠበ፣ ከሱቅ እንደመጣ የነበረ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ አውጥታ ጠቀለለችው። እማዬ በር ላይ ቆማ «ለእኔ ብለሽ፣ ልጄ» አለቻት። «ከእርስዎ ጋር ታርቄያለሁ እኮ፣ እማማ፤ ለእርስዎ ቂም የለኝም» ብላት ወጣች።

ሬዲዮ ለጋሼ ደውላለት ኖሮ ሙሽሪት የጠራችው ታክሲ አጠገብ ሲደርሱ እየሮጠ መጣ፣ እንዳለ ከነቱታው፣ ከነብናኙ።

«የት ነው? ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ እጁን ወደ ማሙሽ ዘረጋ።

«አትንካው።»

እጁ አየር ላይ ቆመ። ራሱን ቁልቁል አየ፣ ገባው። ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ የቱታውን ዚፕ ወደ ታች ሳበና አውልቆ እግሩ ሥር ጣለው። በካናቴራና በቁምጣ ቀረ፤ እግሩ ቀጫጭን ነው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ በጭረትና በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቷል። የታክሲው ሹፌር ፊቱን አዞረ።

«ይኸው፣ አወለቅኩት» አለ። «ነይ እንግባ። እነግርሻለሁ። እናቴን ማሳዘን አልፈለግኩም፣ በቃ ይኸው ነው።»

«እኔን ማሳዘን ግን ሆነልህ።»

«ቢያንስ ሻንጣውን ልያዝልሽ።»

«እችላለሁ ብለህ የለ?» አለች ሙሽሪት። ሻንጣውን ራሷ አንስታ ኋላ ወንበር ላይ ወረወረችው፣ ከነማሙሽ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ሬዲዮ በመስኮቱ በኩል ማሙሽን አየችው። አያለቅስም፤ በአዲሱ ብርድ ልብስ ውስጥ አውራ ጣቱን ይጠባል።

ታክሲው ጥጉን ታጠፈ። ሰዎች ከየሱቁ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ጋሼ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እንደዚያው ሆኖ መንገድ ላይ መቆየት ስለማይሆን ጎንበስ ብሎ ያንኑ ቱታ አነሳና አንድ እግሩን አስገባ።