ክር የማይለቅ መቆንጠጫ

1

ለቀቀ።

2

የለቀቀው መቆንጠጫው ነው። ወይም እጁ ነው። እቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች በዚህ አልተስማሙም። ባልና ሚስት ናቸው፤ በምን ተስማምተው ያውቃሉ?

ባልየው ወንዳፍራሽ ይባላል። ሜዳ ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎች የራኬታቸው ክር ሲበጠስ ይዘው የሚመጡት እሱ ዘንድ ነው። ሙያውን የከተማው ቴኒስ ክለብ ውስጥ ከነበሩ አንድ የግሪክ ሽማግሌ ተማረ፤ ሽማግሌው ሲሞቱም የመወጠሪያ መኪናቸው ለእሱ ቀረለት። ጓዳው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተክሎታል። ሰው «የት ነው የምትሠራው?» ሲለው «ከመኪናዬ ጋር» ይላል እንጂ «ቤቴ» ብሎ አያውቅም።

ሚስትየዋ ትርንጎ ናት። የሸማኔ ልጅ። ታሪኩን እሷን ተከትለን እንሄዳለን፤ እሱን ብንከተለው ዝም ብለን ነው የምንቀመጠው።

3

ራኬት ሲወጠር አይታችሁ የማታውቁ ይህን አንብቡ። የምታውቁ ወደ አራት እለፉ፤ አልቀየማችሁም።

ራኬቱን መኪናው ላይ በጀርባው ታስተኙታላችሁ። ክሩን በቀዳዳው ታሾልኩና ጫፉን መኪናው ክንድ ላይ ታስይዛላችሁ። ክንዱ ላይ ድፍን ብረት ተንጠልጥሏል። ክንዱን ስትለቁት ብረቱ በክብደቱ ይወርዳል፣ ክሩ ይወጠራል፣ ያቃስታል።

አሁን ፍጠኑ። ክንዱን መልሳችሁ ከማንሳታችሁ በፊት፣ የተወጠረው ክር ተመልሶ እንዳይላላ አንድ ነገር ይያዝላችሁ። ያ ነገር መቆንጠጫው ነው። አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት፤ ሁለት ከንፈር አላት፤ ክሩን በከንፈሮቿ ግጥም አድርጋ ትይዛለች። ከንፈሮቿ የሚገጥሙት ጎኗ ላይ ያለውን ብሎን በጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ስታዞሩት ነው። ካላጠበቃችሁት ትለቃለች። ከለቀቀች ራኬቱ ራኬት አይደለም፤ ወንፊት ነው።

ቁመቱን የሚወርደው ክር ድር ነው። አግድም የሚገባው ማግ። ክለብ ውስጥ ሌላ ስም አላቸው፤ ትርንጎ ግን ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችውን ስም አልለቅም አለች። ወንዳፍራሽም ካገባት ወዲህ ድርና ማግ ይላል።

4

የክለቡ አሰልጣኝ ይርጋ «ክሩ ላላ» ብሎ አንድ ራኬት መልሶ ያመጣ ዕለት፦

ትርንጎ፦ እጅህ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ መቆንጠጫው ነው። ከንፈሩ አልቋል።

ትርንጎ፦ ሻዩንም የሚደፋው መቆንጠጫው ነው?

ወንዳፍራሽ፦

ትርንጎ፦ ተናገር እንጂ!

ወንዳፍራሽ፦ የእኔንም ድርሻ ጨርሰሽ ተናገርሽው እኮ።

5

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። መቆንጠጫው ከንፈሩ ልሟል፤ ስንት ዘመን ክር ሲመላለስበት የኖረ ብረት የወንዝ ድንጋይ መስሏል። የወንዳፍራሽም እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከርሟል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ያበርደው ይሆናል እንጂ አያቆመውም፤ እያደር ይብሳል» ብሏል። ትርንጎ ሐኪሙን ሰድባው ወጣች። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ የሱን ሕመም ትታ ከሐኪም ጋር ስትጣላ ያየ ሁሉ ታማሚዋ እሷ ነበር የምትመስለው።

ብረቱና እጁ አብረው አረጁ። ብረቱን ማደስ ይቻላል።

ከሁለቱ የሚቻለውን ያዘች።

6

መጀመሪያ የሠራችው ግን ጥፋት ነው።

አባቷ ክር ሲያስቸግረው በሰም ያሸው ነበር። ክር ክር ነው አለች። ወንዳፍራሽ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ጥቅሉን ክር አውጥታ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳትሰለች በሰም አሸችው። ስትጨርስ አብረቀረቀ። በሥራዋ ኮራች።

መጣ። ወጠረ። ብረቱ ወረደ። መቆንጠጫውን አጠበቀ። ክንዱን አነሳ። ክሩ ከመቆንጠጫው እንደ ሳሙና አፈተለከ።

ጣቱን አሸተተ።

ወንዳፍራሽ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ሰም።

ወንዳፍራሽ፦ ጧፍ ልታደርጊው ነው?

ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ወንበሩን ይዞ፣ እጁም ትከሻውም አብሮ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወንዳፍራሽ የሚስቀው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አትፈልጉት።

7

አወል ቶርኖ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው። ብረት ያቀጥናል፣ ይቀዳል፣ ያቃናል። ትርንጎ መቆንጠጫውን ይዛለት ሄደች።

አወል፦ እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው? የጥርስ ሐኪም ዕቃ ነው?

ትርንጎ፦ የለፍላፊ ምላስ መያዣ ነው። ትፈልጋለህ?

አወል፦ ኧረ ይቅርብኝ! እሺ፣ ምን ላድርግልዎት?

ትርንጎ፦ ሁለት ነገር። ክር እንዳይለቅ፤ ደግሞ ጣት ሳያጠብቀው ይዘጋ።

አወል፦ ጣቱን የታመመው ማነው?

ትርንጎ፦ ስለ ብረቱ ነው ያወራሁህ።

አወል አንገቱን አቀረቀረ። ከዚያ በኋላ ስለ ብረቱ ብቻ አወሩ። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ነገሩ ዘግይቶ ነው የሚገባው።

8

አወል ከንፈሮቹን በሞረድ ጥርስ አወጣላቸው።

ያዘ።

በላውም። ክሩ ገና ማጉ ሲጀመር መሐል ላይ ተበጠሰና የወንዳፍራሽን ጉንጭ እንደ አለንጋ ገረፈው። ወንዳፍራሽ ጉንጩን አልዳሰሰም። የዳሰሰው ክሩን ነው።

«ጥርስ ክር ይጎዳል» አለ። «ይያዝ እንጂ አይንከስ።»

9

መቆንጠጫችሁ ለሚለቅባችሁ።

ጥርሱን መልሳችሁ አልሙት። ከዚያ ከንፈሮቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ ብርሃኑ እስኪጠፋ እሹት፤ ወዲያና ወዲህ አትበሉ። የሚያብረቀርቅ ከንፈር ክር አይይዝም። ስትጨርሱ በፋርማሲ አልኮል ጥረጉት፤ ዘይትም ሰምም አታስነኩት (ትርንጎን አትዩ)። ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ይግጠሙ፤ መሐላቸው ብርሃን ከታየ እንደገና ጀምሩ፤ ትርንጎ ሦስቴ መልሳ ወስዳለች፤ አወል ሲያያት በኋላ በር መውጣት ጀምሮ ነበር።

ብሎኑን ጣሉት። በምትኩ የብስክሌት ኮርቻ ማጥበቂያ ፈልጉ፤ ያን ሲገለበጥ የሚቆልፈውን እጀታ። እሱን አስገጥሙበት። እጀታውን በጠፍጣፋ ብረት አስረዝሙት። አሁን ጣት አያስፈልግም። በመዳፍ ይዘጋል፣ በክንድ ይዘጋል፣ በክርን ይዘጋል።

መኪናው ሁለት መቆንጠጫ አለው፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው አድርጉ።

ለማን እንደምትሠሩት ቀድማችሁ አስቡ። ይሄን አወልም አልነገራትም።

10

ቀጭ።

ያዘ። አልበላም። አልለቀቀም።

ወንዳፍራሽ ድሩን በሙሉ በመዳፉ እየዘጋ ወጠረው። እጁ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ እጀታው ላይ ያርፋል፣ ይጫነዋል፣ ቀጭ ይላል። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ከስንት ጊዜ ወዲህ ድሩን ሳያቋርጥ ሲጨርስ የመጀመሪያው ነው። ዞር ብሎ አያት። ሊናገር ነበር። ይመስለኛል «እግዜር ይስጥሽ» ሊላት ነበር።

እሷ ግን መቆየት አልቻለችም። መጣችና በትንሽ ጣቷ ሁለተኛውን መቆንጠጫ ዘጋችው። ቀጭ።

«አየህ? በትንሽ ጣቴ! ሕፃን ልጅም ይዘጋዋል!»

ወንዳፍራሽ ትንሽ ጣቷን አየ። የገዛ እጁን አየ። ከዚያ ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠበት።

«ጥሩ ነው» አለ። ማጉን ለእሷ ተወላት።

11

አሰልጣኝ ይርጋ ራኬቱን ሊወስድ መጣ። ቃል በቃል እንዲህ ተባባሉ፦

ይርጋ፦ እትዬ ትርንጎ! ይሄማ ሌላ ነው! ድንጋይ ሆኗል እኮ! ጋሼ እንዴት አደረጉት?

ትርንጎ፦ ጋሼህ ምን ያድርግ? መቆንጠጫውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ማጉንም ያገባሁት እኔ ነኝ።

ይርጋ፦ እርስዎ?

ትርንጎ፦ ሽመና እኮ ነው። ምን ይከብዳል?

ይርጋ፦ እንግዲያው ጋሼ ይረፉ በቃ። ስንት ዘመን ደክመዋል! ከእንግዲህ ራኬቱን ለእርስዎ ላምጣ። ይችላሉ አይደል?

ትርንጎ፦ እችላለሁ!

ይርጋ፦ ለክለቡ እነግራለሁ። ጋሼን ሰላም በሉልኝ።

ጋሼ መጋረጃው ጀርባ ነበሩ።

12

ተኛ።

13

አልታመመም። ሐኪሙ ከቀድሞው የባሰ ነገር አላገኘም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ እንጂ። ሲነሳ ለቤተ ክርስቲያን ይነሳል፤ ወይም ሽንት ቤት ሊሄድ። ወደ ጓዳ አይገባም። ጓዳው በር ሲደርስ ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል፤ የሰው ቤት ያደረገው ይመስላል።

ትርንጎ ሰደበችው። «ሬሳ!» አለችው። «ገና ሳትሞት ለመገነዝ የቸኮልክ!» አለችው። ድሮ ቢሆን አንድ ቃል ጣል አድርጎ አፏን ያስይዛት ነበር። አሁን «እውነትሽን ነው» ይላል። ስድቧን ሁሉ በ«እውነትሽን ነው» ይቀበላታል። ስድብ ከሚቀበል ሰው ጋር መኖር ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

ምሳውን ግማሹን ይተዋል። ከዚያ ከግማሽ በላይ መተው ጀመረ።

14

ራኬት ይመጣል። ትርንጎ ትወጥራለች። ቀጭ። ቀጭ። ይርጋ ይወስዳል፣ ያመሰግናል።

አንድ ቀን ቢለቅ ብላ ጠበቀች። አንድ ራኬት ተመልሶ ቢመጣ፤ «ላልቷል፣ ጋሼ ይዩት» ቢባል። ማንም አልመለሰም። ብረቱ በደንብ ነው የተሠራው። አወልን ረገመችው። እጅህ ይባረክ ብላ የመረቀችውን ልጅ፣ በሰላም በተቀመጠበት፣ ረገመችው።

15

እዚህ ቁጥር ላይ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ይቅርታ ብትለው ታሪኩ ያልቅ ነበር። አውቃለሁ፣ ይሄንኑ ስትጠብቁ ነበር። ሴትዮዋን ገና አላወቃችኋትም ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ባዶ ነው።



16

የክለቡ ውድድር ሊጀመር ሲል ይርጋ አንድ ራኬት አመጣ። ዛሬ ከሰዓት ይደርሳል ብላ ተቀበለችው። ድሩን ጨረሰች። ማጉን ከግማሽ በላይ አስገባች።

እዚያ ላይ ቆመች።

ክንዱን ለቀቀችው፤ ብረቱ ወረደ፤ ክሩ ተወጠረ። ሁለቱንም መቆንጠጫዎች ከመኪናው ላይ ፈታቻቸው። ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። ክንዱ ቢነሳ ክሩን ሊይዘው የሚችል ነገር አልነበረም። ክሩን መዳፏ ላይ ጠመጠመችና፣ በሌላ እጇ ክንዱን ወደ ላይ አነሳችው።

የክሩ ውጥረት ሁሉ እጇ ላይ መጣ። ክሩ ቆዳዋን ከፍቶ ገባ። ብትለቀው የወጠረችው ማግ ሁሉ ይፈታል፤ ራኬቱም ለውድድሩ አይደርስም። አልለቀቀችም።

ትርንጎ፦ ወንዳፍራሽ!

ወንዳፍራሽ፦ (ከአልጋው) እ?

ትርንጎ፦ ና ያዝልኝ።

ወንዳፍራሽ፦ መቆንጠጫሽ ይያዝልሽ።

ትርንጎ፦ ና አልኩህ!

ወንዳፍራሽ፦ እኔ ምን ላድርግልሽ? እጄን ታውቂው የለ? አንቺ እንደሆን በትንሽ ጣትሽም ትችያለሽ።

ደሙ በክሩ ላይ ወርዶ ማጉ ላይ ጠብ አለ። አልጋው ላይ ሆኖ እየሰማት ነው፤ ትንፋሹን ይዞ እየሰማት ነው። የሚያስነሳው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን ታውቀዋለች፤ የ«እችላለሁ» ግልባጭ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ለአባቷም፣ ለሐኪምም፣ ለእግዜርም ብላው አታውቅም።  አፏን ከፈተች። ቃሉ ሲወጣ አልጋው ሲጥ አለ።

17

ትርንጎ፦

ወንዳፍራሽ፦