ጨርቃችንን መልሱልን

እኔ ሩጫ አልወድም። በከተማ መሀል የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ተሰርቋል ብዬ ነው የማምነው። በዚያ ላይ ሥራዬ የሰው የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብፌና ቁም ሳጥን ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከርሜ፣ በዕረፍት ቀኔ ቁምጣ ለብሰህ ሩጥ ስባል ደሜ ፈላ። ግን ያዘዙት እትዬ ናቸው። እትዬ የድርጅታችን ባለቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መኪናውንም እኛንም የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው።

"ለሕዝብ ክሊኒኩ አምቡላንስ መግዣ ነው" አሉን። "ሦስት ሦስት ሆኖ በቡድን ነው የሚሮጠው። በየጣቢያው ፖስታ ይሰጣል፤ ፖስታው ውስጥ የታዘዘውን ሠርቶ፣ ማኅተም አስመትቶ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። አንድ ጣቢያ በጨረስን ቁጥር ነጋዴዎቹ ለአምቡላንሱ ያዋጣሉ። እኛ ካልሮጥን ማን ይሮጣል?"

"ሩጫ የሚችል ሰው እትዬ።"

"አንተ ዝም በል፣ ራዲዮ!"

ራዲዮ የወጣልኝ ስም ነው፤ አፌ አያርፍም። ሦስተኛው የቡድናችን አባል የእህቴ ባል ነው። እሱን ደግሞ ዝምታ እንለዋለን፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። እኔና እሱ ዕድሜያችንን የጨረስነው አንድ ዕቃ በሁለት ጫፍ ይዘን ነው። ደረጃ ሲወረድ አንዱ ከታች ሆኖ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ሌላው ከላይ ሆኖ ያይለታል። የታችኛው ከቁም ሳጥኑ ሆድ በቀር የሚያየው ነገር ስለሌለ እግሩን የሚያሳርፈው በላይኛው አፍ ነው። "ደረጃ። ደረጃ። ሜዳ። ግራ ትከሻህን። አምፖል አለ፣ ጎንበስ።" የታችኛው የሚናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ሲያነሳ "ያዝኩ"፣ አረፍ ካልን በኋላ ደግሞ "ቀጥል"። በሁለት ቃል እንጀራ የሚበላበት ሥራ በማግኘቱ ዝምታን ሁሌ እቀናበታለሁ።

ድሮ ታች የምንሆነው በየተራ ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን "ታች እኔ ልሁን" ማለት አመጣ። ክብደቱ የሚበረታው ታች ነውና እኔ ምን ቸገረኝ፤ ወገቤ መረቀው። ሌላም የተለወጠ ነገር ነበር። ሳወራ "በቃህ!" ይለኝ የነበረው ሰውዬ፣ ዝም ስል "ምነው?" ማለት ጀመረ። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ይለሰልሳል ብዬ አለፍኩት። ሞኝ ነኝ።

በውድድሩ ቀን መነሻው አደባባይ ላይ ተሰበሰብን። እትዬ ለሦስታችንም ቢጫ ካኔቴራ አሠርተዋል፤ ጀርባው ላይ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚል ተጽፎበታል። አዲሱን ጫማቸውን እያሰሩ ዜና ነገሩን።

"ሁለተኛ መኪና ገዝቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ትለያያላችሁ። አንተ አንድ አዲስ ሰው ትይዛለህ፣ እሱም አንድ አዲስ ሰው ይይዛል። እናንተን የመሰለ ሁለት ጥንድ ይኖረኛል ማለት ነው።"

"እኔን የመሰለማ አያገኙም" አልኩ። ዝምታ ምንም አላለም። እሱ ምንም አለማለቱ ዜና አይደለም፤ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። ሩጫውን ፈርቶ ነው ብዬ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ጣቢያ ውኃ የሞላ ጀሪካን ፎቅ ላይ ማድረስ ነበር። የባንክ ቤት ሠራተኞች ቡድን መሀል ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲያለከልክ፣ እኛ እያወራን አለፍናቸው። ማለቴ እኔ እያወራሁ። ሁለተኛው ላይ አንድ ፎቶ ሰጡንና ይሄ የሚገኝበትን ሕንፃ ፈልጋችሁ ድረሱ አሉን። እትዬ ፎቶውን በቀጥታ ለዝምታ ሰጡት፤ እሱ አንዴ የነካውን ደረጃ አይረሳም። ዝምታ ግን ፎቶውን ገልመጥ ሳያደርግ ለእኔ አሳለፈልኝ።

"ንገረኝ" አለኝ።

"ዓይን የለህም እንዴ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ። ያን ጊዜ ግን ምንም አልመሰለኝም። የደረጃ መደገፊያ ብረት መሆኑን፣ ጫፉም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠምዝዞ መግባቱን ነገርኩት። "ፒያኖው የተቀረቀረብን ቤት" አለ። ሄድን፤ ልክ ነበር።

ሦስተኛው ጣቢያ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሣጥን በሣጥን ላይ ደርድረው ጠመዝማዛ መተላለፊያ ሠርተዋል፤ በየቦታው ቃጭል የታሰረበት ገመድ ዝቅ ብሎ ተወጥሯል። ከቡድኑ አንዱ ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ ይታሰርና ውኃ የሞሉ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ትሪ ይይዛል። ሌላው ከሣጥኖቹ ማዶ ቆሞ በአፉ ብቻ ይመራዋል። ቃጭሉ ከጮኸ ወይም ውኃው ከፈሰሰ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ከእኛ በፊት የገቡት ባልና ሚስት ለመፋታት ጥቂት ነው የቀራቸው።

"ግራ አልኩህ እኮ!"

"የማን ግራ? ያንቺ ነው የእኔ?"

የእኛ ተራ ሲደርስ ሳቄ መጣ። ይሄ እኮ የዘወትር ሥራችን ነው። "ሜዳ፣ ሜዳ፣ ቀኝ ትከሻህን፣ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጠባብ ነው በጎን እለፍ..." ዝምታ ሄደ። አልተንገዳገደም፣ በእግሩ አልዳሰሰም። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ሰው አጨበጨበ፤ እትዬ "የእኔ ሠራተኞች ናቸው!" እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ተናገሩ። ማኅተም አስመታን፣ ቀጣዩን ፖስታ ተቀበልንና ተጣድፈን ወጣን። በሰው መሀል እንዳንጠፋፋ ዝምታ የቦርሳዬን ማንገቻ ይዟል። እኔ የባልና ሚስቱን ጠብ እየደገምኩ፣ በመሀሉም እንደ ልማዴ "ደረጃ ነው፣ ሌላም አለ፣ አሁን ሜዳ" እያልኩ ወርደን፣ መንገድ ተሻግረን፣ ለሩቁ ጣቢያ የተፈቀደልንን አውቶቡስ ለመሳፈር ማቆሚያው ጋ ደረስን። ከኋላችን ሴት ጮኸች።

"እናንተ! ጨርቃችንን መልሱልን እንጂ!"

የጣቢያዋ አስተናጋጅ ናት፤ እያለከለከች መጣች። የምን ጨርቅ ልላት ስል ዝምታን አየሁት። ጨርቁ እንደታሰረ ዓይኑ ላይ ነው።

ማቆሚያው ላይ የነበረው ሰው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ጎናቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። እኔም ሳቅኩ። ዝምታ ቋጠሮውን ፈታ፣ አፍሮ ፈገግ አለ፣ ጨርቁንም ዘረጋላት። የዘረጋው ግን ሴትዮዋ ከቆመችበት ወደ ጎን፣ ማንም ወደሌለበት ነበር።

መሳቄን ተውኩ። ዓይኑ የታሰረ ሰው ሲፈቀድለት መጀመሪያ የሚያደርገው ጨርቁን መንጥቆ መጣል ነው። ቢታሰርም ባይታሰርም ብዙ ለውጥ የሌለው ሰው ብቻ ነው የሚረሳው።

አውቶቡስ ውስጥ እትዬ ፊት ተቀመጡ፤ እኔ ዝምታን ይዤ ኋላ ሄድኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት በሹክሹክታ። ሹክሹክታ አልችልበትም፤ ያን ቀን ግን ቻልኩ።

"ምኑ?"

"እንዳልጮህብህ!"

"የባሰብኝ በክረምቱ ነው" አለ። "ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። አንዳንዴ ሰው መቆሙን አያለሁ፤ ማን መሆኑን በድምፁ ነው።"

"ሐኪም አየህ?"

"አይቶኛል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብሎ ጠብታ ሰጠኝ።"

"እህቴ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። ሥራውን ተው ብላ አልቅሳለች። እንቢ ስላት፣ 'እንግዲያው ከወንድሜ ጋር ብቻ፤ እሱ አፉ ስለማይዘጋ አትወድቅም' አለችኝ።"

እኔ ለቀልድ የማወራ ሲመስለኝ፣ ለካ ባልና ሚስት ተማክረው በምላሴ ላይ ቤታቸውን አቁመዋል! "ፍሪጅ ይዘን? የዚያችን አሮጊት ብፌ ይዘን? አንዲት ደረጃ ብዘነጋስ? ቢያስነጥሰኝስ?"

"ዘንግተህ አታውቅም።"

አንጀቴን በላው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ሲገቡ ክፉ ነው።

"ሰኞስ? ከአዲስ ሰው ጋር ምን ልትሆን ነው?"

"እሱን ነው የምለምንህ። እትዬ እንዳይለያዩን ምክንያት ፈልግ። ወገቤ በል፣ የፈለግኸውን በል። ይሄኛውን ግን ሆድ ይፍጀው።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ምን ሊያይ እንደሆነ እንጃ። "ከዚህ ሥራ ከወጣሁ እኔ ምንድን ነኝ?"

"እሺ" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

የመጨረሻው ጣቢያ መናፈሻው አናት ላይ ነበር። ከዚያ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ማብቂያው መስመር ከደረጃው ሥር ነው። እትዬ ፖስታውን ቀደው ጮክ ብለው አነበቡት። "አምቡላንስ እስኪገዛ ድረስ በሽተኛ የሚደርሰው በሰው ክንድ ነው። ከእናንተ አንዱን በቃሬዛ ይዛችሁ ውረዱ።"

"የእኛ ነው! ይሄማ የእኛ ነው!" ብለው ቃሬዛው ላይ ወጥተው ተጋደሙ። "እንደ ብፌ ያዙኝ፤ ጭረት እንዳይኖርብኝ!"

ዝምታ በእጁ እየዳሰሰ ወደ ታችኛው ጫፍ ሄደ። "ያዝኩ" አለ። እኔም ከላይ አነሳሁ። ደረጃው አፍ ላይ ደረስን። ከእኔ የሚጠበቀው "ደረጃ" ማለት ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ድንጋዩ አርጅቷል፤ የተሸረፈ አለው፣ የሚነቃነቅ አለው። ብፌ ቢወድቅ ብፌ ይሰበራል። ይሄ ግን ሰው ነው፣ ከሥርም የእህቴ ባል አለ። ተወልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ተዘጋ።

"ቀጥል" አለ ዝምታ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ።

ባልና ሚስቱ ታርቀው እየተሳሳቁ በጎናችን ወረዱ።

"ቀጥል እንጂ።" ያንጠለጠለውን እግር መልሶ አሳረፈ። "አለህ?"

"አለሁ። ግን አልችልም። ይቅር በለኝ፣ አልችልም።"

እትዬ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። የተጋደሙት እግራቸው ወደ ዝምታ ሆኖ ስለነበር ፊቱን በቀጥታ ያዩታል። "ምን ሆናችኋል?"

ወገቤ ልል ነበር። ምክንያቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዝምታ ቀደመኝ።

"እናስቀምጠው" አለ። ቀስ አድርገን አስቀመጥን። ፊቱን ወደ ድምፃቸው መልሶ፣ "እትዬ፣ ዓይኔ አያይም" አለ። "ከክረምት ወዲህ ነው። እሱ ዛሬ ነው ያወቀው፤ እሱን እንዳይቆጡት።"

እትዬ ቃሬዛው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። ብዙ ሰዎች አልፈውን ወረዱ።

"የእናቴን ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ያወረዳችሁት መቼ ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"ከክረምት በኋላ።"

"ጭረት አልነበረበትም" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጮኹ። "ቢወድቅብህስ? ሚስትህ ፊት ምን ብዬ ልቆም ነበር?" ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ የቁጣ ይሁን የሐዘን እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም። "ከአሁን በኋላ ደረጃ ላይ ዕቃ አትይዝም። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ" አለ። ቅስሙ ሲሰበር በዓይኔ አየሁት። የፈራው ነገር መጣ፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ፣ ዝም ብዬ።

እትዬ ከቃሬዛው ወርደው የጫማቸውን ማሰሪያ አጠበቁ። "በል ተኛ" አሉት።

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? ታች እኔ ነኝ።"

"እትዬ፣ እርስዎ ተሸክመው አያውቁም" አልኩ።

"እናንተን ሳይ ነው የኖርኩት።"

"ማየትና መያዝ ለየቅል ነው።" ይሄን ያለው ዝምታ ነው፤ እንደ እንጨት ደርቆ ቃሬዛው ላይ ተጋድሟል። "በጣትዎ አይያዙ፣ በመዳፍዎ። ክንድዎን ይዘርጉ። ክብደቱን ጉልበት እንጂ ወገብ አይያዘው። 'ደረጃ' ሲልዎት አይቸኩሉ፤ ቃሉ ካለቀ በኋላ ነው እግር የሚወርደው። መጀመሪያ የሚያርፈው የእግር ጣት ነው፣ ከዚያ ተረከዝ።"

እኔና እትዬ ተያየን። ይሄን ያህል ቃል በአንድ ቀን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

"ያዝኩ" አሉ እትዬ።

"ደረጃ" አልኩ። ወጣልኝ።

ወረድን። እኔ እጣራለሁ፣ እትዬ ያቃስታሉ፣ ዝምታ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ በጆሮው ይከተላል። "ግራ እግርዎ ሸሽቷል፣ ይሰብስቡት።" "በምን አወቅህ?" "ድምፁ ነዋ። አይነጋገሩ፣ ይተንፍሱ።" እትዬን እንዲህ ያዘዘ ሰው ከባላቸው ወዲህ አላየሁም። ቃሬዛው ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨ፤ ሁለቴም የእሱ ድምፅ አቀናን። ከሥር ስንደርስ ብዙው ሰው ተበትኗል፤ ማኅተሟን የያዘችው ልጅ ዕቃዋን እየሸከፈች ነበር። መታችልን። የመጨረሻዎቹ እኛ ነበርን።

እትዬ ሣሩ ላይ ተዘረሩ። "ሰኞ የሚመጡትን አዲስ ሠራተኞች ማን ያስተምርልኛል ብዬ ስጨነቅ ነበር" አሉ ዝምታን ሳያዩ። "አንተ ትመጣለህ።"

"ዕቃ ሳልይዝ?"

"ዕቃ ሳትይዝ።"

ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለው አልልም። መዳፎቹን እያፋተገ ተቀመጠ፤ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ያጣ ይመስል ነበር።

ወደ እህቴ ቤት በእግር ሄድን። የቦርሳዬን ማንገቻ ይዟል፤ አሁን ለምን እንደያዘው ሁለታችንም እናውቃለን።

"ታች ምን ይመስል ነበር?" ሲል ጠየቀኝ። "ስንደርስ።"

ነገርኩት። ማኅተም መቺዋ የአባቷን የሚመስል ሰፊ ኮት ለብሳ እንደነበር፣ የእትዬ ፊት ቲማቲም መስሎ እንደነበር፣ ጨርቅ አስመላሿ ሴትዮ ከዚያ ማዶ መጥታ በሁለት እጇ ስታጨበጭብለት እንደነበር፣ እሱ ራሱ ቃሬዛው ላይ ታክሲ የተሳፈረ ሚኒስትር መስሎ እንደነበር። "ደረጃ" አልኩ በመሀሉ፤ ወረደ። እግሩን ቃሌ ላይ ሲያሳርፍ አየሁት። ስንት ወር ሙሉ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ምኑም ስቀባጥር፣ ይሄ ሰው በእያንዳንዷ ላይ እየረገጠ ሲሄድ ኖሯል። ወሬዬን አቋረጥኩ። ቆምኩ።

ማንገቻው ሳብ ተደረገ።

"ቀጥል" አለኝ።