ሥር እስኪሰድ

በቶርንቤክ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሦስት ቃላት በእንጨት ተቀርጸው ተሰቅለዋል፤ እውነት፣ ጽናት፣ አገልግሎት። ጥሩ ቃላት ናቸው። የትኛዋም እናት ልጇን ስትመርቅ ብትላቸው ያምርባታል። ችግሩ ቃላቱ ልጅ አሳድገው አያውቁም። አፍንጫ የምጠርገው፣ ትኩሳት የምለካው፣ የረጠበ አንሶላ ሌላው ልጅ ሳያይ የምቀይረው እኔ ነኝ። ስሜ ሚስስ ኦልደን ነው፤ የአዳሪዎቹ ሞግዚት ስለሆንኩ ልጆቹ ግን ሜትሮን ይሉኛል።

ርእሰ መምህራችን ሚስተር ፌንዊክ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ተጣልቻቸው ይወጣልኝ ነበር። ያመኑበትን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ በቀዝቃዛ ውሃ ከታጠቡ እሳቸውም በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ። አንድ የሚወዱት አባባል አላቸው፤ “ሥር ሰደደ ወይ እያሉ የሚነቅሉት ችግኝ አይጸድቅም።” ስለዚህ በቶርንቤክ አዲስ የገባ ልጅ ከመስከረም እስከ ገና ቤቱ አይሄድም። ያንን ወቅት ሥር መስደጃ እንለዋለን። ልጁ እናቱ ብትናፍቀው ሥር መስደጃ ነው፣ ውሻው ቢሞትበትም ሥር መስደጃ ነው።

ኬስተር ብሬዝዌት የመጣው በዚህ መስከረም ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ጆሮው ትልልቅ፣ እግሩ ለጫማ ገና ያልተገራ፣ ከተራራው ማዶ ካለ የበግ እርሻ የመጣ። እናትም አባትም የሉትም። ያሳደጉት አያቱ፣ ሽማግሌው አይዛክ ናቸው። ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘና አክስቱ ሂልዳ እጁን ይዛ አምጥታ አስረከበችን።

በጥቅምት ቶንሲሉ አብጦ እኔ ዘንድ ተኛ። የሕሙማን ክፍሏ ትንሽ ናት፤ አልጋዬ ከበሽተኛው አልጋ ብዙ አይርቅም። ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ልጁ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ “ያን፣ ታን፣ ቴዘራ፣ መዘራ፣ ፒምፕ” እያለ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ትኩሳቱ የሚያቃዠው መስሎኝ ግንባሩን ዳሰስኩ።

“ምን እያልክ ነው አንተ?”

“በግ እየቆጠርኩ ነው፣ ሜትሮን። እንቅልፍ እንዲወስደኝ።”

“ይሄ ደግሞ የየት አገር ቁጥር ነው?”

“የእረኞች ነው። አያቴ በግ በሌላ ቁጥር ከተቆጠረ ይጠፋል ይላል።” ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። “ሜትሮን፣ ለገና ስሄድ ያውቀኛል?”

“ማን?”

“አያቴ። በክረምቱ ሁለት ጊዜ በአባቴ ስም ጠራኝ። አባቴ እኮ ሞቷል። ከዚያ የውሻችን ስም ጠፋበት። ሂልዳ እርጅና ነው ትላለች። እርጅና አይደለም፣ እየረሳ ነው።”

“ይሄን የሚያህል ጆሮ ማን ይረሳል ብለህ ነው?” አልኩት። እንዲስቅልኝ ነበር፤ ሳቀም፣ ለእኔ ብሎ።

“ጠዋት ጠዋት ቦት ጫማውን ሳቀብለው ስሜን እነግረው ነበር” አለ። “‘ኬስተር ነኝ፣ የልጅህ ልጅ’ እለዋለሁ። የዚያን ቀን አይሳሳትም። አሁን የሚነግረው የለም።”

ጉሮሮው ነው የታመመው ብዬ ማር በሞቀ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት። ያለኝ መድኃኒት እሱ ነበር።

ጠዋት ሚስተር ፌንዊክ ቢሮ ገብቼ ልጁ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ቤቱ ሄዶ እንዲመለስ ለመንኳቸው። የችግኙን አባባል አነሱብኝ። “ሚስስ ኦልደን፣ ልብዎ ደግ ነው” አሉኝ፤ እሳቸው እንዲህ ካሉ ነገሩ አበቃለት ማለት ነው። ቀጥዬ ለሂልዳ ደወልኩ።

“እኛ ቤት እኮ ከአሥራ አራት ዓመቱ በኋላ ደብተር የያዘ ሰው የለም” አለችኝ። “ልጁ ተምሮ ሰው ይሁን ብዬ ስንት ደጅ ጠናሁ፤ እርስዎ መልሰው ጭቃ ውስጥ ሊከቱት ነው? ለሽማግሌው እኔ አለሁላቸው። ለሱም ይንገሩት፣ አያትህ ደህና ናቸው ብለው።”

“ደህና ናቸው?”

“ይበላሉ” አለችና ዘጋችው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ሐይቁ ዳር ታስራ የምትቀመጠው የትምህርት ቤቱ አሮጌ ጀልባ ተፈትታ፣ ሲነጋ ድንጋይ ላይ ተሰባብራ ተገኘች። እኔን ብትጠይቁኝ ያደረገው ነፋሱ ነው። ግን በቶርንቤክ ነፋስ ጥፋቱን ስለማያምን ሌላ የሚያምን መገኘት ነበረበት።

እዚህ “መቆም” የሚሉት ልማድ አለ። ጥፋት ሲገኝ፣ እራት ቀርቦ ሁሉም ከአግዳሚው ኋላ ይቆማል፤ አንዱ “እኔ ነኝ” እስኪል ማንም አይቀመጥም፣ ርእሰ መምህሩም ጭምር። ሰኞ ማታ የድንች ሾርባው እየቀዘቀዘ ሚስተር ፌንዊክ የተለመደውን ተናገሩ። “ጀልባዋን የፈታው ልጅ ነገ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እስኪታወቅ እንቆማለን።”

ነባሮቹ ይህ ለወጉ የሚባል መሆኑን ያውቃሉ። በፈቃዱ ያመነ ልጅ አይባረርም፤ ይጨበጨብለታል፣ ርእሰ መምህሩም እጁን ይጨብጡታል። ትልቁ ትምህርት እሱ ነው፤ እውነት የተናገረ አይቀጣም። ለአዲሶቹ ግን ይህን ማንም አይነግራቸውም። አስቀድሞ ከተነገራቸው እውነታቸው ዋጋ አይኖረውም ይላሉ ሚስተር ፌንዊክ።

ኬስተር ድኖ ከሕሙማን ክፍል የወጣው በዚያው ቀን ነበር፤ ሻርፑ ገና አንገቱ ላይ ነው። ሻንጣ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ሲበራ አየሁት። ያሰበው ገባኝ፣ ግን ምን ላድርግ? ከአዳራሹ ወዲህኛው ጫፍ የዳቦ ቅርጫት ይዤ ቆሜያለሁ።

“እኔ ነኝ” አለ እጁን አውጥቶ። “ጀልባዋን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።”

ጀልባዋ በጠፋችበት ሌሊት እኔ አጠገብ ተኝቶ በግ ሲቆጥር ነው ያደረው።

ሚስተር ፌንዊክ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ቀስ ብለው መጡና እጁን ጨበጡት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጆቹ ተቀመጡ፣ ማንኪያው ተንኳኳ። ኬስተር ብቻውን ቆሞ ቀረ።

“መቼ ነው የምሄደው?” ብሎ ጠየቀ።

“የት?”

“ቤት። ሻንጣዬን ላዘጋጅ?”

ልጆቹ ሳቁ። ሚስተር ፌንዊክም ፈገግ አሉ። “እውነት የተናገረ ልጅ ከዚህ ቤት አይወጣም። ቁጭ ብለህ ሾርባህን ጠጣ።”

ጠጣ። ታዞ ነዋ።

ከእራት በኋላ ደረጃው ላይ ያዘኝ። “ሜትሮን፣ ውሸቴን ነው። ሲዋሽ የተያዘ ይባረራል አይደል? እባክዎ ይንገሩልኝ። እርስዎ ያውቃሉ፣ እርስዎ ጋ ነበርኩ።”

እጁን ይዤ ቢሮ ድረስ ወሰድኩት፤ በሩ ላይ አቁሜው ገባሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። ልጁ ያን ሌሊት ታሞ እኔ ዘንድ ማደሩን፣ ሽማግሌው የሚረሱትን፣ ጠዋት ጠዋት የሚነገረውን ስም። ሚስተር ፌንዊክ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ተሳካ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

“ስለዚህ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸከመ” አሉ። “ጓደኞቹ ቆመው እንዳይቀሩ።”

“የለም፣ ቤቱ ሊሄድ ብሎ ነው።”

“እሱ እንደዚያ ይላል። ትሑት ልጅ ነው። ሚስስ ኦልደን፣ ይሄ ከእውነት ይበልጣል። ይሄ አገልግሎት ነው።”

“ጌታዬ፣ ዋሽቷል እኮ ነው የምልዎ። ሕጉ ያባርረዋል።”

“ለራሱ ጥቅም ቢዋሽ ኖሮ።”

“ለራሱ ነው!”

“አያቴ ይረሳኛል የሚለው ፍርሃቱስ” አሉ፣ ይህንኑ ስጠብቅ፤ “ለዚህ አይደል ጽናት ያለን? የገና በዓል ሩቅ አይደለም። በትምህርት ቤታችን መሥራች ቀን የሚሰጠውን ሜዳሊያ ለሱ እንሰጠዋለን። አያቱንም እንጠራቸዋለን። መጥተው ይዩት።”

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ለዚህ ቤት እውነት ብትሰጡት ያመሰግናል፣ ውሸት ብትሰጡት ያመሰግናል፣ የሚበላው እንጂ የሚያንቀው የለም። ብወጣ ኬስተር ከንፈሬን ነበር የሚያየው። ራሴን ግራና ቀኝ ስነቀንቅ ሌላ አልጠየቀኝም። የአውቶቡስ ፌርማታው ከበሩ ብዙ አይርቅም፤ ያን ምሽት ደጋግሜ በመስኮት አየሁት። ይዤው ብጠፋ ሂልዳ በማግስቱ ትመልሰዋለች፣ እኔ ደግሞ አልመለስም፤ ያኔ ማር የሚበጠብጥለትም አይኖርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለኬስተር ግን የከፋው ማደሩ ነበር።

የመሥራቹ ቀን በኅዳር መጨረሻ ዋለ። ሂልዳ አዲስ ኮፍያ አድርጋ ሽማግሌውን ደግፋ ገባች። አይዛክ ረጅም ናቸው፤ ያው ጆሮ፣ ፂማቸው በደንብ የተላጨ፣ ያሰሩላቸውን ክራባት እየነካኩ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ሚስተር ፌንዊክ ስለ አንድ ልጅ ሲናገሩ፣ ስለ እውነቱና ስለ ከፈለው መሥዋዕት፣ ሽማግሌው ጆሮአቸውን ወደፊት አዘንብለው በአክብሮት አዳመጡ። ኬስተር ሜዳሊያው ሲሰካለት ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

ልጁ ከመድረኩ ወርዶ ሮጠ። ፊታቸው ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ኬስተር ነኝ” አለ። “የልጅህ ልጅ።”

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉለት። “ጎበዝ። ጎበዝ ልጅ። የማን ልጅ ነህ?”

“አባ፣ ኬስተር ነው እኮ” አለች ሂልዳ፣ ድምፅዋ እየሰለለ። እሳቸው የሚያውቁት ሰው ስም እንደተነሳ ሁሉ በጨዋነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጁ እጃቸውን አልለቀቀም። “ያን፣ ታን፣ ቴዘራ” አለ በቀስታ።

የሽማግሌው ፊት ፈካ። “መዘራ፣ ፒምፕ!” ሳቁ፣ የልጁን እጅ ወዘወዙት። “ይሄን ማን አስተማረህ?”

“አያቴ።”

“ሰው ናቸው እሳቸው። የዛሬ ልጅ ይሄን የት ያውቃል? ሰላም በልልኝ።”

ኬስተር ሜዳሊያውን በእጁ ሸፈነው። እንደተማረው ቀጥ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን እያየ መለሰ። “እሺ፣ ጌታዬ። እነግረዋለሁ።”

የሻይ ትሪ ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ሚስተር ፌንዊክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“አዩት ሚስስ ኦልደን? አላለቀሰም” አሉኝ። “ሥር ሰዷል።”

ሻዩን ማደል ጀመርኩ። ሽማግሌው ስኳር ይጨመርላቸው እንደሆነ ስጠይቅ፣ የመለሰልኝ ኬስተር ነው።