ወገቤ ደህና ነው

ወገባችሁን አሟችሁ ሐኪም ዘንድ ብትመላለሱ፣ ልጆቻችንን እንዳታስተምሩ የሚከለክላችሁ ማን ነው? ማንም! እንዲያውም ቅባት ይዘን ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን። እንቁ ቤትም እንዲሁ ነበር የመጣነው።

እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ልጅ ያለው ሐበሻ እንቁን ያውቃታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በተከራየነው አዳራሽ ለልጆቻችን አማርኛ ታስተምራለች። የእኔዋ ትህትና «ጰ»ን ከ«ፐ» የለየችው በእሷ ነው። በሥራ ቀን ደግሞ እንግልውድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አዛውንት ስታነሣና ስታስተኛ ኖራለች።

ባለፈው ዓመት ልጇ ኢዮብ ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ ገባ። እሷም መጦሪያውን ተወችው። ከዚያ በኋላ ቤቷ አላስቀምጥ አላት። ሶፋውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ትገፋለች፤ ደግሞ ትመልሰዋለች። መኪናዋን አስነሥታ በሞንትቤሎ ሰፈር በኩል እስከ ኤርፖርቱ ትነዳለች፤ የምትቀበለውም የምትሸኘውም ሰው የላትም። ዞራ ትመለሳለች።

በመጨረሻ ዴንቨር ያለች አንዲት ቴራፒስት ዘንድ መሄድ ጀመረች። ሴትዮዋ መድኃኒት አታዝም፤ ታዳምጣለች፤ ሕልም ሳይቀር ትጠይቃለች።

«መጀመሪያ ቀን ምን እንደሚሰማኝ ስትጠይቀኝ እንግሊዝኛው ጠፋኝ» አለችኝ እንቁ በኋላ ስታጫውተኝ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል ማለት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ሆዴን ብዬ ብጀምር ወደ ጨጓራ ሐኪም ልትሰደኝ ነው!»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«በቋንቋሽ በይው አለችኝ፤ አልኩት። ባር ባር አለች እሷም፣ ቀስ ብላ። ያኔ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳነሣ፣ አንቺስ ያለኝ አልነበረማ!»

ሕልሟንም ነገረቻት። በሕልሟ አውቶቡስ ውስጥ ቆማለች፤ አውቶቡሱ ይሄዳል፤ ሾፌር የለውም። ሴትዮዋ ሕልሙን አልፈታችላትም። «ወንበሩ ላይ አንቺ ብትቀመጪ ወዴት ትነጂዋለሽ?» ብቻ አለቻት። እንቁ ጥያቄውን ይዛ ስትንቆራጠጥ ሰነበተችና መልሱን አገኘችው፤ ወደ ቅዳሜው ክፍል። ባር ባር የማይላት እዚያ ብቻ ነበር።

ሰው ሲጠይቃት «ሐሙስ ቴራፒ አለኝ» ትላለች። አልዋሸችም። እኛ ዘንድ ግን ቴራፒ ማለት ወገብ ነው። ግማሻችን በሽተኛ ስናነሣ፣ ግማሻችን ታክሲ ስንነዳ ወገባችንን የጨረስን ሰዎች ነን። ስለዚህ ከወላጆቹ አንዷ ስንዱ ቅባት አመጣችላት። እኔም ጠንካራ ፍራሽ እንድትገዛ መከርኳት። እንቁ አመስግና ተቀበለች።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ክፍሉን ስናሰናዳ ረጅሙን ጠረጴዛ ብቻዋን ብድግ አደረገችው።

«አንቺ! ወገብሽ!» ብላ ጮኸች ስንዱ።

«ወገቤ ምን ሆነ?»

«ቴራፒ አይደል እንዴ የምትሄጂው?»

«ወገቤ ደህና ነው። የእኔ ቴራፒ ወሬ ነው፤ ቁጭ ብዬ ሆዴን የማወራበት።»

«ያ ሁሉ ቅባትስ?»

«ጉልበቴን ተቀባሁት! እግዜር ይስጥሽ፣ እሱም አሞኝ ነበር።»

ሳቅን። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ጋሽ ለገሠ ግን አልሳቁም። ማታውኑ ደወሉላት። «እስኪሻልሽ እረፍት ውሰጂ። ልጆች ናቸው፤ ማን ያውቃል» አሏት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘን።

ማን ያውቃል! ከዚህች አባባል የባሰ ፈሪ አባባል አላውቅም። ክስ ብትሆን መልስ ይሰጥባት ነበር። ክስ አይደለችም፤ ጥርጣሬን ሰው ላይ ጥሎ የመሸሻ መንገድ ናት። እንቁ የማንን ልጅ ቆነጠጠች? ማንን ሰደበች? ሐኪም ፈልጋ በእግሯ መሄዷ ጥፋት ከሆነ፣ ጭንቀቱን በመጠጥ የሚደብቀው ሁሉ የልጆቻችን ጠባቂ ሆኖ መቀመጡ ምን ሊባል ነው?

«ባባ፣ ቲቸር እንቁ ሲክ ናት እንዴ?» አለችኝ ትህትና መኪና ውስጥ።

«አይደለችም።»

«ዜን ዋይ? ለምን አታስተምረንም?»

ጥያቄዋን ለወላጆች ስብሰባ ያዝኩት።

በስብሰባው ላይ ልናገር ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ተራው ግን አልደረሰኝም። እንቁ ከኋላ ወንበር ይዛ እንኳ አልተቀመጠችም፤ ግድግዳውን ተጠግታ ክብደቷን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ስታዛውር ቆይታ ድንገት ወደ ፊት መጣች።

«ጋሽ ለገሠ፣ ጥያቄ አለኝ።»

«እንቁዬ፣ እሱን ለብቻችን እንነጋገርበታለን። ላንቺው ክብር ብዬ ነው።»

«ክብሬን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«እረፍት ነው እኮ ያልኩሽ፤ መቼ አባረርኩሽ?»

«እረፍት ለደከመ ነው፤ ወይ ለሞተ። እኔ አልደከመኝም። አልሞትኩም።»

አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ዋጠው። ጋሽ ለገሠ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። «በቃ፣ ማታ እደውልልሻለሁ» አሉ።

«አይደውሉልኝ! ምስጢሬን የምነግራት ሐኪም አለችኝ፤ ከእርስዎ ጋር ምስጢር የለኝም። ጉልበትዎን ታመው ቴራፒ ሲመላለሱ በመኪናዬ የማደርስዎት እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ እስኪሻልዎት ከሰብሳቢነቱ ይረፉ ያለዎት ሰው ነበር? የእኔ ከእርስዎ በምን ተለየ? ልጆቹን ምን እንዳላደርጋቸው ነው የፈሩት? በስልክ አይደለም፤ በጆሮዬም አይደለም። እዚሁ ቆመው፣ ወላጁ ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ!»