በረኪና የበላው አሻራ

ሣህሉ አሰብ ወደብ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። ሸሚዙ ዘወትር እንደተተኮሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እንደተሰካ ነው። ሚስቱ እቴናት የመርከበኞችን አንሶላና ልብስ እያጠበች ጓዳቸውን ትደጉም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ልጅ አልወለዱም። ጎረቤታቸው የነበረች ሴት ሞታ የአራት ዓመት ልጇ ብርቅዬ ያለ ወገን ብትቀር ወስደው አስጠጓት። ዓመት ሳይሞላት «እማዬ»፣ «አባባ» ትላቸው ጀመር። ይሄኔ ሣህሉ «እንግዲህስ በሕግ ትጽናልን» ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ዳኛው ማመልከቻውን አንብበው ደስ አላቸው። «ሁለታችሁም ከወንጀል ነጻ ስለመሆናችሁ ከፖሊስ ማስረጃ አምጡ። ሌላ ችግር የለም» አሉ።

ችግሩ ግን እሱው ሆኖ ተገኘ።

አሻራ የሚያነሣው ሃምሳ አለቃ ውድነህ ሥራውን ከመጠን በላይ የሚወድ ሰው ነበር። የሣህሉን ዐሥር ጣቶች አንድ በአንድ ቀለም ቀብቶ ወረቀቱ ላይ አንከባለላቸውና በአጉሊ መነጽር እያየ፣ «አሻራ ማለት ይሄ ነው! የተማረ ሰው ጣት!» አለ። ሣህሉ ሹመት ያገኘ ያህል ደረቱን ነፋ።

የእቴናት ተራ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ የወጣው ዐሥር የቴምር ፍሬ ነበር። ሃምሳ አለቃው ደገመ፣ ሠለሰ። አሁንም ቴምር ነው።

«ወይዘሮ እቴናት፣ ጣትዎ የት ሄደ?»

«ይኸው አለ እንጂ!»

«እሱስ አለ። መስመሩ ነው የሌለው።»

ዓመታት የዘለቀ ሶዳና በረኪና ልጦ ጨርሶታል። እንዲያም ሆኖ «እስቲ ይሞከር» ተብሎ ቅጹ አዲስ አበባ ተላከ። ከወር ተኩል በኋላ፣ «የሴቲቱ አሻራ አይነበብም፤ የሁለቱም በአዲስ ቅጽ ይነሣ» ተብሎ ተመለሰ።

ሃምሳ አለቃው በቁጣ ሳይሆን በሐዘን ፈረደ። «ሃያ ቀን ውኃ እንዳይነኩ። በረኪና ደግሞ ሐራም ነው!»

«የሰው ልብስ ተቀብዬ! ማን ሊያጥብልኝ?» አለች እቴናት።

ሃምሳ አለቃው ሣህሉን አየው። ሣህሉ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ግድግዳ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጎረቤት ሳይነቃ ሊጨርስ በማለዳ ተነሥቶ ሳፋው ላይ አጎነበሰ። ግቢው የጋራ ነውና ብዙም ተደብቆ አልቆየም። ጎረቤታቸው ራቢዓ በሯን ስትከፍት የመጋዘን ጸሐፊው አንሶላ ይዞ ሲታገል አገኘችው።

«አቶ ሣህሉ! ማሻአላህ! እንዲያ አይጨመቅም እኮ፣ እባብ የሚያንቁ ነው የሚመስሉት!»

በሦስተኛው ቀን የግቢው ሴቶች ዱካ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ይመለከቱት ጀመር። እቴናት በዘይት የታሸ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች።

«በረኪናውን ቀንስ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ልክ አውቃለሁ፤ ጸሐፊ ነኝ» አለና ጠርሙሱን ሙሉ ገለበጠው። የአንድ መርከበኛ ሰማያዊ ሱሪ እንደ ጅግራ ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ። ሣህሉ እጁ እየተቃጠለ፣ ሴቶቹ እንዳይስቁበት ጥርሱን ነክሶ ማጠቡን ቀጠለ።

ሃያው ቀን ሞልቶ ሄዱ። የእቴናት ጣቶች አዲስ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆነው ወረቀቱ ላይ ወጡ። ሃምሳ አለቃው ዕንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ የሣህሉን አውራ ጣት አንከባለለና መነጽሩን አነሣ። አስቀመጠ። እንደገና አነሣ። ከዚያ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

«አቶ ሣህሉ፣ ይሄ ደግሞ ቴምር ነው።»

እቴናት ነጠላዋን አፏ ላይ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። ሃምሳ አለቃውም ተከተላት። ሣህሉ ግን አልሳቀም። በአንድ መርከበኛ ሱሪ ምክንያት ልጄን ላጣ ነው ብሎ ቀለም የነካ ጣቱን በተተኮሰ ሸሚዙ ይጠርግ ጀመር። ይህን ያየችው እቴናት ሳቋን ገታ አድርጋ ትከሻውን ዳሰስ አደረገችው።

«ሁለታችሁም!» አለ ሃምሳ አለቃው ዕንባውን እየጠረገ። «ሌላ ሃያ ቀን! ፊታችሁን እንኳ ሌላ ሰው ይጠብላችሁ!»

ልብሱን የግቢው ሴቶች ተከፋፈሉት። «ከእርስዎ አጠባ ያዳነን አላህ ይመስገን» አለች ራቢዓ። ሣህሉ ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። ባልና ሚስት ዘይት የጠጣ እጃቸውን ታቅፈው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብርቅዬ ታጎርሳቸዋለች።

«አባባ፣ አፍህን ክፈት! ሰፋ አድርገህ! እማዬ፣ አንቺ ቆይ፣ ተራሽ አይደለም።»

በሦስተኛው ጉዞ ቀለሙ በላብ እንዳይበላሽ ራቢዓ አብራ ሄዳ በሰሌን ማራገቢያ አራገበችላቸው። ሃያውም ጣት ጥርት ብሎ ወጣ። ሃምሳ አለቃ ውድነህ ቅጹን በጫፍና ጫፉ ይዞ፣ ማንንም ሳያምን፣ በገዛ እግሩ ፖስታ ቤት አደረሰው።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ፤ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ዳኛው የጉዲፈቻውን ውል አጸደቁና ብርቅዬን በስሟና በአባቷ ስም ጠሯት፦ «ብርቅዬ ሣህሉ!»

«አቤት!» ብላ ጮኸች፤ ችሎቱ ሁሉ ዞሮ አያት።

ፍርድ ቤቱና ቤታቸው ቅርብ ለቅርብ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ሣህሉ ታክሲ ጠራ። ሾፌሩን «ልጄን ላንሸራሽራት፤ በወደቡ በኩል አዙረህ ውሰደን» አለው። ወደቡ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ እቴናት ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ «ግድ የለም፣ አንዴ ድገመው» አለ ሣህሉ።